ውሃው ሲያልቅ ግድቡ የት ይሄዳል?

ጎንደር ውስጥ "ዛሬ ውሃ መጣ" የሚለው ዜና ከማንኛውም የእግር ኳስ ውጤት ይበልጣል። ሌሊት ላይ ቧንቧው አየር እየተፋ ሲንኳኳ የሰማ ሰው ከቤቱ ሁሉ ቀድሞ ይነሳል። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ሮቶው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል። ማን ያውቃል፣ ተመልሶ የሚመጣው መቼ ነው? ይህን ሁሉ የሚጠብቅ የከተማዋ ሰው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ብትጠይቁት "ከአንገረብ" ይላችኋል። አንገረብ ምንድን ነው ብትሉት ደግሞ "ግድብ ነዋ!" ይላል። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ይሄ ነገር ይገርመኛል። የእኛ ትውልድ ስለ ግድብ የማያወራ ትውልድ አይደለም። የዓባይን ግድብ ቁመት 145 ሜትር፣ የሚይዘውን ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ብሎ ያለ ወረቀት የሚደረድር ወጣት በየካፌው ሞልቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ከራሱ ሰፈር በላይ ያለው፣ እናቱ ቡና የምታፈላበትን ውሃ የያዘው ግድብ ግን ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደተጠራቀመ የሚያወራ ሰው ብዙም አላገኘሁም።

እንግዲህ ከመልክዓ ምድሩ እንጀምር። ጎንደር በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምዕራብ ቀሃ፣ በምሥራቅ አንገረብ። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዘመን ከተማቸውን እዚህ ሲቆረቁሩ ከውሃ ጋር የተያያዘ ሥራ ብዙ ትተዋል፤ ድልድዮቹ አሉ፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር የምናየው መዋኛቸውም አለ። መዋኛው የተሠራው ከቀሃ በቦይ ውሃ እንዲገባለት ተደርጎ ነው። አንገረብና ቀሃ ከከተማዋ በታች ጉዟቸው ወደ መገጭ ነው፤ መገጭ ደግሞ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። (በነገራችን ላይ ሁለት አንገረብ አለ። ሌላው፣ ትልቁ፣ ከጎንደር ሰሜን ተነስቶ ወደ ሱዳን፣ ወደ አትባራ የሚወርደው ነው። ካርታ ላይ እየፈለጋችሁ እንዳትምታቱ።)

የአንገረብ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዓላማው አንድና ግልጽ ነበር፤ ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀም። መብራት የለውም፣ መስኖ የለውም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 112,249 ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ 207,044 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች ለማወቅ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አንዴ በታክሲ መሄድ ይበቃል። ሰው እጥፍ ሆነ፤ ግድቡ ግን ባለበት ቀረ። "ባለበት ቀረ" እንኳ ማለት አይቻልም፤ ግድቡ እያነሰ ነው የሄደው።

እንዴት አነሰ? እዚህ ጋ ስለ አፈር ትንሽ እናውራ።

የአንድ ሄክታር መሬት አፈር በአንድ ክረምት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢታጠብ አሥር ሜትር ኪዩብ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት የጥፍር ውፍረት ነው፤ ገበሬው እንኳ ላያስተውለው ይችላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ግን አንድ ሺህ ሜትር ኪዩብ ነው፤ ስድሳ ምናምን የሲኖትራክ ምልልስ። አንገረብ ውሃውን የሚሰበስብበት ተፋሰስ ደግሞ በአሥሮች በሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር የሚለካ፣ ተዳፋት የበዛበት፣ እስከ አፋፉ የታረሰ የደጋ መሬት ነው። ሰኔ ላይ ገበሬው አርሶ አለስልሶ ሲጨርስ፣ ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይመጣል። የዚያን ቀን አንገረብን ያየ ሰው ውሃ አይደለም የሚያየው፤ የሚሄድ መሬት ነው። መሬቱ እየሄደ እየሄደ ግድቡ ጋ ሲደርስ ቆሞ ይተኛል። ደለል ይሉታል። ስለዚህ ጉዳይ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል፤ የአንገረብ ደለል በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የግድብ ጥናት ውስጥ የታወቀ ምሳሌ እስከመሆን ደርሷል። ከተማዋ በጉድጓድ ውሃ መደጎም የጀመረችውም ያለ ነገር አይደለም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጥቅሙ ነው፤ ግድቡ በዕድሜው ሲገፋ የሚሰጠው ውሃ ይቀንሳል። ይሄን ሁሉም ሰው ይገባዋል፣ ቧንቧው ይነግረዋላ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላኛው ወገን ነው። ውሃው ሲቀንስ አደጋውም አብሮ የሚቀንስ ይመስለናል፤ "ባዶ ግድብ ማንን ይጎዳል?" እንላለን። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

የአፈር ግድብ ሲባል የተከመረ አፈር ብቻ አይምሰላችሁ። መሐሉ ላይ ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ፣ በንብርብር እየረጠበ የተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር ይኖራል፤ የግድቡ እምብርት እንበለው። ከእምብርቱ ጀርባ ደግሞ የአሸዋና የጠጠር ማጣሪያ ይደረጋል። በግራና ቀኝ ሸካራው አፈርና ድንጋይ ደግፎ ይይዘዋል። እንዲህም ሆኖ ውሃ ይሰርጋል፤ የማይሰርግበት የአፈር ግድብ የለም። ዋናው ጥያቄ የሚሰርገው ውሃ ምን ይዞ ነው የሚወጣው የሚለው ነው። ኩል የመሰለ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ግድቡ እየተነፈሰ ነው። ድፍርስ ከሆነ ግን የግድቡን ሥጋ ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። ውስጥ ለውስጥ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መንገድ ትከፈታለች፤ ቀዳዳዋ ዋሻ ትሆናለች፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁሉም ሰላም ነው፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ። የአሜሪካው የቲተን ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 የተናደው እንዲህ ነው። ጠዋት ላይ የታየው ስርገት እኩለ ቀን ሳይሆን ግድቡን በልቶ ጨረሰው። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየተሞላ ያለ አዲስ ግድብ ነበር።

ሁለተኛው ሞት ከላይ የሚመጣው ነው። የኮንክሪት ግድብ ውሃ በአናቱ ቢያልፍ ላይወድቅ ይችላል። የአፈር ግድብ ግን አናቱ ላይ ውሃ ከወጣበት ጀርባው ይሸረሸራል፣ ከዚያ ማቆሚያ የለውም። ለዚህ ነው ከጎኑ የጎርፍ ማስተንፈሻ የሚሠራለት፤ ትርፉ ውሃ በዚያ በኩል በሥርዓት እንዲወርድ።

አሁን ደለሉን አስቡት። አዲስ ግድብ በጋውን ሲጠጣ ከርሞ ሰኔ ላይ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ድንገተኛ ጎርፍ ቢመጣ መጀመሪያ ሆዱን ይሞላበታል እንጂ ወዲያው ማስተንፈሻው ጋ አይደርስም። ሆዱ በደለል የሞላ ግድብ ይህ ዕድል የለውም። ቶሎ ይሞላል፣ ማስተንፈሻው ቶሎ ይሠራል፣ ረጅም ጊዜም ይሠራል። ማስተንፈሻው በግንድ ወይም በተናደ ድንጋይ ቢዘጋ የሚባክን ሰዓት የለም። በዚያ ላይ ውሃ የጠገበ ደለል ከውሃ ይከብዳል፤ ግድቡ ላይ የሚያርፈው ግፊት አይቀንስም። የመቅጃው በር አካባቢ ከተደፈነ ደግሞ በአስቸጋሪ ቀን ውሃውን ዝቅ አድርጎ ግድቡን ማሳረፍ አይቻልም። እንግዲህ ይሄው ነው፤ ግድቡ ለከተማው የሚሰጠው ውሃ እያነሰ በሄደ ቁጥር፣ በከተማው ላይ የቆመበት ኃላፊነት እየከበደ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ግድብ የሚጠበቀው ስለሚጠቅም ነው። ጥቅሙ ሲያልቅ በጀቱ ያልቃል፣ በጀቱ ሲያልቅ ጥበቃው ያልቃል። ግድቡ ግን የትም አይሄድም፤ ጡረታ ወጥቶ ገጠር አይገባም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያሳየው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ታሪክ ነው። የአፈር ግድብ ነው፣ ቁመቱ 22 ሜትር ያህል። እ.ኤ.አ. በ1853 ሲጠናቀቅ ዓላማው ለጀልባ መጓጓዣ ቦይ ውሃ ማቀበል ነበር። ግን ወዲያው ባቡር መጣና ቦዩን ሥራ ፈት አደረገው። ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ ከሥር ያሉትን የውሃ መልቀቂያ ቱቦዎች ነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣቸው። በኋላ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃ ክለብ ገዛው፤ እነ አንድሩ ካርኔጊ አባል የነበሩበት ክለብ ነው። ክለቡ ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ፤ ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አሠራ። አያችሁ፣ አንዱም ሰው ክፉ ነገር አላሰበም። እያንዳንዱ ለራሱ ጊዜ የሚሆን ትንሽ ትንሽ ነገር ነው ያደረገው። ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ወንፊቱ በቆሻሻ ተዘጋ፤ ውሃው በአናቱ ወጣ። ከግድቡ በታች 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የጆንስታውን ከተማ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተጠረገች። የሞቱት 2,209 ናቸው። ፍርድ ቤት ማንንም ጥፋተኛ አላለም።

"ያ ድሮ ነው፣ አሜሪካ ነው" የሚል ካለ፣ ወደ ጎረቤት እንምጣ። ከፖርት ሱዳን ሰሜን ምዕራብ የነበረው የአርባት ግድብ ለከተማዋ ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። እንደ አንገረብ ማለት ነው። በደለልም የታወቀ ነበር። ሱዳን በጦርነት ላይ ሳለች፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተናደ። ቢያንስ 30 ሰዎች ሞቱ፣ 20 ያህል መንደሮች ወደሙ። ፖርት ሱዳን ያኔ ከጦርነቱ የሸሹ መቶ ሺዎችን ያስጠለለች ከተማ ነበረች፤ በአንድ ሌሊት የውሃ ምንጯን አጣች። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሊቢያዋ ደርና ከበላይዋ ባሉ ሁለት ግድቦች መፍረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን በአንድ ሌሊት ቀብራለች። ግድቦቹ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ናቸው። ከአደጋው አንድ ዓመት በፊት አንድ የሊቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጥገና ያስፈልጋቸዋል ብሎ ጽፎ ነበር። ወረቀቱ ታተመ፣ ግድቦቹ አልተጠገኑም።

እኔን ግን ከሁሉም የሚስበኝ የማሪብ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም የእኛም እጅ አለበት።

የየመኑ የማሪብ ግድብ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጀመረ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያገለገለ የአፈር ግድብ ነው። ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል፣ ፊቱ በድንጋይ የተለበጠ፣ በሁለቱ ጫፎቹ በጥርብ ድንጋይ የታነጹ የውሃ በሮች የነበሩት። ያጠራቅም የነበረው ለመጠጥ አልነበረም፤ በዓመት ሁለቴ የሚመጣውን ጎርፍ አንገቱን ይዞ ወደ እርሻ ይመራው ነበር። የሱም ጠላት ደለል ነበር። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ደለል እርሻውን በየዓመቱ ከፍ ያደርገዋል፤ እርሻው ከፍ ሲል ውሃው አይደርስም፤ ስለዚህ ግድቡም ከፍ መደረግ አለበት። ትውልድ በትውልድ ላይ ከፍ እያደረጉት ኖሩ። በየመሐሉ እየተናደ፣ እየተጠገነ።

በ6ኛው መቶ ዘመን አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ደቡብ ዓረቢያን ከያዙ በኋላ፣ ከአክሱም ሠራዊት የወጣ አብርሃ የሚባል ሰው በሂምያር ዙፋን ላይ ተቀመጠ። (ከወንድሙ ከአጽብሃ ጋር የምናነሳው አብርሃ አይደለም፤ እሱ ከዚህ ሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል። ይሄኛው በእስልምና ታሪክ ከዝሆኑ ዓመት ጋር የሚነሳው ነው።) እ.ኤ.አ. በ548 ገደማ ግድቡ ተናደበት። አብርሃ ያኔ አመፅ እያበረደ ነበር። ያሠራውን ጥገና በድንጋይ ላይ ጽፎ ትቶልናል፣ ጽሑፉ እስከዛሬ አለ። ስታነቡት የምትጠብቁት ፉከራ ነው። ፉከራውም አለበት፤ የሮም፣ የፋርስና የአክሱም መልእክተኞች መጡልኝ ይላል። አብዛኛው ግን የሥራ መዝገብ ነው። ጎሳዎቹን ለሥራ እንደጠራ፣ በመሐል ወረርሽኝ ገብቶ ሠራተኛው ሲያልቅበት ወደየቤቱ እንደለቀቀው፣ ሲመለሱ ሥራው እንደቀጠለ፣ ለሠራተኛው ስንት ዱቄት፣ ስንት ተምር፣ ስንት የእርድ ከብት እንደወጣ። አንድ ንጉሥ ለትውልድ ለሚተወው ድንጋይ ላይ የዱቄት ሒሳብ ሲጽፍ አስቡት! ግድብ ምን እንደሚፈልግ የገባው ሰው ነበር።

ከእሱ በኋላ ያለው አጭር ነው። መንግሥቱ ተዳከመ፣ ጎሳዎቹን ጠርቶ ዱቄት የሚያቀርብ ጠፋ፣ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ተናደ። ቁርአን በሰበእ ምዕራፍ የሚያነሳው ጎርፍ ይህ ነው ይባላል። የማሪብን ግድብ ጎርፍ ብቻውን አልጣለውም፤ ጎርፍማ አንድ ሺህ ዓመት ሲመጣበት ኖሯል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወጡ አዘዞን አልፋችሁ ፀዳን ታገኛላችሁ። ፀዳ ትንሽ ከተማ ናት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት። በዚህ አካባቢ "ግድብ" ሲባል አሁን ሰው የሚያወራው ስለ አንገረብ አይደለም፤ ስለ መገጭ ነው። የመገጭ ግድብ ሥራ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሲዘገይ፣ ሲነሳ፣ ዋጋው ሲጨምር ቆይቷል። ሲያልቅ 185 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር እንዲያለማና ለጎንደር የመጠጥ ውሃ እንዲሰጥ የታቀደ ነው። እሱም የአፈርና የድንጋይ ሙሌት ግድብ ነው። ተስፋው ትልቅ ነው፤ ጀሪካን ይዞ ላደገ ሰው ተስፋ አታድርግ ልትሉት አትችሉም። የደምቢያ ሰውም የሚጠብቀው ነገር አለው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የጣና ዳር ሜዳዎች፣ ፎገራና ደምቢያ፣ በጎርፍ እንዴት እንደተጥለቀለቁ የሚረሳ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ መገጭ ያለቀ ዕለት ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ውሃው ይመጣል፣ ጎንደር ትጠጣለች፣ ደስ ይላል። በዚያው ዕለት አንገረብ ዓላማውን ያጣል ወይም ዓላማው ትንሽ ይሆናል። ከሁለተኛው ግድብ በኋላ የመጀመሪያውን ማን ይጎበኘዋል? ጀርባው ላይ የበቀለውን ዛፍ ማን ይነቅለዋል? ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል እኮ። ማስተንፈሻው ላይ የተኛውን ግንድ ማን ያነሳዋል? የሳውዝ ፎርክ ታሪክ የጀመረው ባቡሩ የመጣ ዕለት ነው።

አማራጭ የለም ማለት አይደለም። ደለሉን ማውጣት ይቻላል፣ በጣም ውድ ነው እንጂ፤ ስድሳውን ሲኖትራክ አስታውሱ፣ ያ የአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ያውም የአንድ ክረምት ነው። የበላዩን ተፋሰስ በእርከንና በዛፍ መያዝ ርካሽና የተሻለ ነው፤ ግን ያ የሚመጣውን ደለል ይቀንሳል እንጂ የተኛውን አያነሳም፣ በዚያ ላይ የገበሬው መሬት ነውና ገበሬው ከጎንደር ቧንቧ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ግድቡን በመጠባበቂያነት ማቆየት ይቻላል፤ የአርባት ነገር እንዳስተማረን አንድ ከተማ በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መንጠልጠል ጥሩ አይደለም። በእቅድ ዝቅ አድርጎ፣ ማስተንፈሻውን አስፍቶ ማሳረፍም ይቻላል። በሌላው ዓለም ያረጀ ግድብ በበጀትና በእቅድ ይፈርሳል፤ መፍረሱም እንደ መሥራቱ የምህንድስና ሥራ ነው። ከእነዚህ የትኛውም ያስኬዳል። የማያስኬደው አንዱንም ሳይመርጡ መተው ነው፤ ያ ደግሞ ስብሰባ ሳይጠራ፣ ፊርማ ሳያስፈልገው በራሱ የሚሆን ነገር ነው።

መሐንዲሶች የአፈር ግድብን ጤና የሚለኩበት በጣም ቀላል መሣሪያ አለ። ከግድቡ እግር ሥር የሚሰርገው ውሃ በትንሽ ቦይ ይሰበሰብና አፉ እንደ ሹል ማዕዘን በተቆረጠ ብረት በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። አጠገቡ የቆመች ማስመሪያ የውሃውን ከፍታ ታሳያለች። አንድ ሰው በየቀኑ ሄዶ ከፍታውን ያነባል፤ ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሳና ድፍርስ መሆን አለመሆኑን ያያል፤ ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። ዛሬ ከትናንት ከበዛ፣ ዝናብም ካልነበረ፣ ስልክ ይደውላል። መሣሪያው የተቆረጠ ብረት ነው፣ ደብተሩም ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ። መገጭ ተመርቆ፣ ከተማው ሁሉ ከአዲሱ ቧንቧ በሚጠጣበት በነሐሴ ጭቃ፣ በማለዳ አንገረብ ወርዶ ያንን ቁጥር የሚጽፈው ሰው ደመወዙ ከየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት ነው የሚከፈለው? ሲደውልስ ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው?